የኖርድሊንገን ግንብ፦ ማን ከፈለው? ለምንስ ሳይፈርስ ቀረ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ደቡብ ጀርመን ውስጥ ኖርድሊንገን የምትባል ከተማ ሄጄ ግንቧን ዙሪያውን በእግሬ ዞርኩት። ከተማዋ ትንሽ ናት። ይህን ሁሉ ግንብ በምን ገንዘብ ሠራችው? ሙኒክና ፍራንክፈርት የራሳቸውን ሲያፈርሱ የእሷ እንዴት ተረፈ? ደግሞስ ጠላት አስቁሞ ያውቃል ወይስ ለስም ያህል ነው የቆመው?»

ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሥራዬ የአሮጌ ሕንፃ ጥገና ስለሆነ ስለ ግንብ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ግን የሚጠይቀው ስለ ጦርነቱ ነው። አንተ ከገንዘቡ ጀመርክ፣ መጀመር ያለበትም ከዚያ ነው። አጭሩን ላስቀድም፦ ግንቡን የከፈለው ወይንና ቢራ ጠጪው ነው፣ ከመፍረስ ያዳነው ደግሞ በዋናነት የከተማዋ ድህነት ነው። ጠላትም አስቁሟል። ግን በዕድሜው አብዛኛው የሠራው ሥራ የኬላ ሥራ ነው። ይህ ካልገባን የበሮቹ አሠራር ራሱ አይገባንም።

ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የከተማዋ ስም መጀመሪያ በጽሑፍ የተገኘው በ898 ነው፤ ያኔ የንጉሥ ርስት ነበረች። በ1215 ንጉሥ ፍሬድሪክ 2ኛ የከተማነት መብት ሰጣት፣ የመጀመሪያው ግንብም በዚያ ዘመን ተሠራ። ያ ግንብ ዛሬ የለም። መስመሩ ግን አለ። ስልክህ ላይ የሳተላይት ካርታ ክፈትና መሐል ያለውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ፈልገው። ዙሪያውን እንቁላል መሰል ቀለበት የሠራ መንገድ ታያለህ። የመጀመሪያው ግንብ የቆመው እዚያ ነበር። አንተ የዞርከው የውጪው ነው፣ ከእሱ በጣም ይሰፋል።

ለምን ሁለተኛ ግንብ አስፈለገ? በገበያው ምክንያት። በ1219 በተጻፈ ሰነድ ላይ የኖርድሊንገን ትልቅ ገበያ ተጠቅሷል። በበዓለ ሃምሳ ሰሞን የሚውል ገበያ ነው፣ ከሩቅ አገር ሳይቀር ነጋዴ ይመጣበት ነበር። በደቡብ ጀርመን ከታወቁት አንዱ ሆነ፣ ዛሬም በየዓመቱ አለ፤ የአሁኑ የመዝናኛ ነገር ይበዛዋል እንጂ። ገበያ ባለበት የእጅ ባለሙያ ይሰበሰባል። ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው፣ አንጥረኛው በድሮው ግንብ ውስጥ ቦታ ሲያጣ ደጅ ላይ ሠፈረ። ቆዳ ፋቂዎቹ ደግሞ ውሃ ስለሚፈልጉ ኤገር ወንዝን ይዘው ነው የሠፈሩት፤ ጣሪያቸው ረጃጅም የሆኑት የቆዳ ማድረቂያ ቤቶች አሁንም እዚያው ናቸው። ውጪ ያለ ሰው ግን ዘራፊ ሲመጣ የሚከለልበት የለውም። ለከተማዋም ኪሳራ ነው፣ ምክንያቱም ሀብቷ ከቅጥሩ ውጪ ቀረ ማለት ነው።

በ1327 ንጉሥ ሉድቪግ ባየራዊው እነዚህን ሠፈሮች ሁሉ የሚያቅፍ አዲስ ግንብ እንዲሠራ አዘዘ። ማዘዝ ቀላል ነው። ገንዘቡን ግን ከራሱ ኪስ አላወጣም፤ ለከተማዋ «ኡንጌልት» የሚባል ግብር የመሰብሰብ መብት ሰጣት። ይህ በዋናነት በወይንና በቢራ ላይ የሚጣል የፍጆታ ግብር ነው። እኔ በጣም የምወደው ነገር ይሄ ነው። የቤትና የመሬት ግብር ብትጥል የሚከፍለው የከተማው ሰው ብቻ ነው፣ ይማረራልም። የመጠጥ ግብር ግን እንግዳውንም ይነካል። ለገበያ መጥቶ ማታ መጠጥ ቤት የሚቀመጠው ነጋዴ ሁሉ፣ ሳያስበው፣ ለግንቡ ድንጋይ እያዋጣ ነበር። ስለዚህ ትንሽ ከተማ እንዴት ቻለችው ላልከው፣ ብቻዋን አይደለም የቻለችው። ደግሞም በአንድ ጊዜ አልተሠራም፤ ሥራው አሥርት ዓመታት ፈጅቷል፣ ማሻሻሉና መጨመሩም እስከ 17ኛው መቶ ዘመን ቀጥሏል።

አሁን ወደ በሮቹ ልምጣ። አምስት ናቸው፦ ባልዲንገር፣ ሎፕሲንገር፣ ዳይኒንገር፣ ራይምሊንገርና ቤርገር። አብዛኞቹ ስማቸውን ያገኙት መንገዱ ከሚወስድበት መንደር ነው። የግንቡ ርዝመት 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ 11 ማማዎችና አንድ ትልቅ የመድፍ ምሽግ አሉት። 2.7 ኪሎ ሜትር ግንብ ላይ አምስት በር ብቻ የተከፈተበት ምክንያት ምን ይመስልሃል? አንዱ መከላከያ ነው፣ በር ሁልጊዜም ደካማው ቦታ ስለሆነ። ሌላው ግን ቀረጥ ነው። በር በበዛ ቁጥር ዘበኛውና ቀረጥ ሰብሳቢው ይበዛል፣ ቀዳዳውም ይበዛል። ጥቂት በር ካለህ እያንዳንዱን ጋሪ ታስቆማለህ፣ ጭነቱን ታያለህ፣ ታስከፍላለህ።

ስለዚህ በር ስትል አንድ ቀዳዳ አይምሰልህ። በደህናው ዘመን ከውጪ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ግንቡን የከበበውን ቦይ በድልድይ ይሻገራል። ከዚያ በግንብ የታጠረ የደጅ ግቢ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ነው ማማው ሥር ያለውን ዋናውን በር የሚያገኘው። በጦርነት ጊዜ ይህ ግቢ ጠላት ከላይ የሚመታበት ወጥመድ ነው። በሰላም ጊዜ ደግሞ ጋሪ ተሰልፎ ጭነት የሚፈተሽበት ኬላ ነው። አንዱ ግንባታ ለሁለቱም አገልግሏል።

ማታ ሲሆን በሩ ይዘጋል። የጀርመን ከተሞች በዚህ ላይ ቀልድ አያውቁም ነበር። አምሽቶ የመጣ ሰው ውጪ ያድራል፣ በኋለኛው ዘመን በብዙ ከተማ እንደተለመደው ደግሞ ተጨማሪ ከፍሎ ይገባል። ሮተንቡርግ ወደምትባለው ሌላዋ ባለ ግንብ ከተማ ከሄድክ ቡርግቶር የሚባለውን በር ጠጋ ብለህ እየው። በትልቁ የእንጨት መዝጊያ ላይ አንድ ሰው ብቻ አጎንብሶ የሚያልፍባት ትንሽ መግቢያ ተቆርጣለች። ከመሸ በኋላ የሚከፈተው እሷ ብቻ ነበረች። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ያጎነበሰ ሰው ሰይፍ መምዘዝ አይችልም፣ ተከታትለው መግባትም አይችሉም። ከበሩ በላይ የሰው ፊት የመሰለ የድንጋይ ጭንብል አለ፣ በአፉ በኩል የጋለ ዝፍት በጠላት ላይ ይፈስስ ነበር ይባላል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። አስጎብኚዎች በደንብ የማይናገሩት ነው። በር የሚዘጋው በጠላት ጦር ላይ ብቻ አልነበረም። ኖርድሊንገን ውስጥ በ1384 በአይሁድ ነዋሪዎች ላይ ጭፍጨፋ ተፈጽሟል፤ በ1507 ደግሞ የቀሩት ጨርሰው ተባረሩ። ከዚያ በኋላ አይሁዶች በአካባቢው ባሉ አነስተኛ ከተሞችና መንደሮች ነው የኖሩት። ተመልሰው ኖርድሊንገን ውስጥ መኖር የተፈቀደላቸው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ያ ያማረ ማማ ለአንዱ ጥበቃ ሲሆን ለሌላው «አንተ የዚህ አይደለህም» የሚል ፍርድ ነበር። ግንብ ስናደንቅ ይህንንም አብረን ማወቅ አለብን።

ስለ በር ጠባቂዎች ከተነሳ የአሳማዋን ታሪክ ሳትሰማ አልቀረህም። ከተማዋ በቀጥታ ለንጉሠ ነገሥቱ የምትገዛ ነጻ ከተማ ነበረች። በዙሪያዋ ያለው አገር ግን የኦቲንገን መሳፍንት ነበር፣ እነሱም ከተማዋን ሲመኟት ኖረዋል። በ1440 መስፍኑ የሎፕሲንገርን በር ዘበኞች በጉቦ ይዞ፣ ማታ በሩን ሳይቀረቅሩ እንዲተዉት አደረገ ይባላል። ያመለጠች አሳማ መጥታ በበሩ ሰውነቷን ስታክክ መዝጊያው ወለል አለ። አንዲት ሴት አይታ ጮኸች፣ ከተማውም ተረፈ። ስለ አሳማዋ የምምልበት ማስረጃ የለም፣ የአገር ተረት ነው። ፍርሃቱ ግን እውነተኛ ነው። የጀርመን ከተሞችን ብዙ ጊዜ የጣላቸው መድፍ ሳይሆን ከውስጥ የተገዛ ሰው ነው፤ የትኛውም ግንብ ከቁልፍ ያዡ አይበልጥም። ለዚህ ነው የበር ቁልፍ የከተማው ምክር ቤት ጉዳይ የነበረው፣ ዘበኛን የሚጠብቅ ሌላ ዘበኛም የነበረው።

ያ ሌላ ዘበኛ ዛሬም አለ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ማማ «ዳንኤል» ይባላል፣ ቁመቱ 90 ሜትር ነው፣ ደረጃው 350 ገደማ። ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ በየግማሽ ሰዓቱ ጠባቂው ከላይ ሆኖ በጥንቱ ጥሪ ይጣራል። ድሮ ጥሪው ለበሮቹና ለግንቡ ጠባቂዎች «ነቅታችኋል?» ማለት ነበር፣ እነሱም መመለስ ነበረባቸው። ያልመለሰ ተኝቷል ማለት ነው። ማደር ከቻልክ ይህን ሳትሰማ አትመለስ።

ግንቡ ላይ ስትሄድ ያስተዋልከው ይመስለኛል፤ መተላለፊያው ጣሪያ አለው። ኖርድሊንገን በጀርመን ልዩ የሆነችው በዚህ ነው። ሙሉ ክቡን ሳትወርድ፣ ጣሪያ ሥር ሆነህ የምትዞረው ግንብ ሌላ ቦታ የለም። ጣሪያው የተሠራው ለጎብኚ አይደለም። ዝናብ የነካው የቀስት ጅማት ይልፈሰፈሳል፣ ባሩድም ከረጠበ አይነድም። ሁለተኛው ጥቅም ለእኔ ለጠጋኙ የበለጠ ነው፦ ጣሪያ የግንቡን አናት ከውሃ ይጠብቃል። አሮጌ ግንብ የሚፈርሰው ከላይ ወደታች ነው። ውሃ አናቱ ላይ ገብቶ ክረምት ሲበርድ ይረጋል፣ ሲረጋ ይሰፋል፣ ድንጋዩን ከኖራው ይለያየዋል። ጣሪያው ያለ ግንብ ስድስት መቶ ዓመት ይቆማል። ጣሪያውን ካነሳህለት የልጅ ልጅህ ፍርስራሽ ነው የሚያገኘው።

ደግሞ ያየኸው ሁሉ የመካከለኛው ዘመን እንዳይመስልህ። ከበር ማማዎቹ የጥንቱ የራይምሊንገር ነው፣ 14ኛው መቶ ዘመን። የቤርገር በር ማማ ግን በ1574 እና በ1575 የተሠራ ነው፤ ያ ከላይ ክብ የሆነው የሎፕሲንገር ማማም በ1592 እና በ1593። ለምን ታደሱ? መድፍ ስለመጣ። ቀጭንና ረጅም ግንብ ለቀስት ዘመን ጥሩ ነው፣ ለመድፍ ግን ቀላል ዒላማ ነው። ስለዚህ በ16ኛው መቶ ዘመን ማማዎቹን ወፍራምና ክብ አደረጓቸው፣ ራሳቸውም መድፍ እንዲሸከሙ። አሮጌው ምሽግ የሚሉት፣ አሁን በበጋ ቴአትር የሚታይበት ቦታ፣ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ባልዲንገር በር ላይ ደግሞ ማማ አላየህም፤ ነበረ፣ በ1703 ወደቀ፣ ከዚያ ወዲህ አልተተካም።

እና ጠላት አስቁሟል ወይ? አዎ፣ በ1634። የሠላሳው ዓመት ጦርነት ነው። ከተማዋ የፕሮቴስታንቶች ወገን ነበረች፣ ውስጧም የስዊድን ጦር ሠፍሯል። የንጉሠ ነገሥቱ የካቶሊክ ሠራዊት በነሐሴ ወር መጥቶ ከበባት። መድፍ ሲደበድባት፣ ረሃቡና ወረርሽኙ ከውስጥ ሲፈጃት፣ ለሳምንታት አልተሰበረችም። ያንን ሁሉ ዘመናዊ መድፍ የቻለው በመሠረቱ የ14ኛው መቶ ዘመን ግንብ መሆኑን አስብ። ከዳንኤል ማማ ላይ ሆነው ሊያድናቸው ለሚመጣው የስዊድን ጦር ምልክት ያሳዩ ነበር። ጦሩም መጣ። ጳጉሜን አካባቢ፣ እነሱ ሴፕቴምበር 5 እና 6 በሚሉት ቀን፣ ከከተማዋ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ ተዋጉ። የስዊድኖቹ አዛዥ ጉስታቭ ሆርን ተማረከ፣ ጦሩ ተደመሰሰ። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ምን ታድርግ? እጅ ሰጠች። ግንቡ አልተሸነፈም፤ የሚያድነው ጦር ነው ያለቀው። የከበባ ግንብ ሥራውም ይኸው ነው፤ አጋር እስኪደርስ ጊዜ መግዛት። አጋር ካልመጣ ወይም ከተሸነፈ ግንብ ብቻውን የትም አያደርስም።

ሦስተኛው ጥያቄህ፣ ለምን አልፈረሰም የሚለው፣ መልሱ ከዚሁ ይጀምራል። ከተማዋ ከዚያ ጦርነት አላገገመችም። ከግማሽ በላይ ሕዝቧን አጣች፣ ካሳ ተጫነባት፣ ንግዱም ሌላ መንገድ ያዘ። በ18ኛው መቶ ዘመን ሌሎች ከተሞች ሲያድጉ እሷ ባለችበት ቆማ ቀረች። ያደገ ከተማ ግንቡን ያፈርሳል፣ ቦታ ስለሚፈልግ። ሙኒክ በ1791 ማፍረስ ጀመረች፤ ዛሬ ዘንድሊንገር ቶር፣ ኢዛርቶርና ካርልስቶር እያልን ባቡር የምንጠብቅባቸው ቦታዎች የዚያ ግንብ ቅሪት ናቸው። ፍራንክፈርት ከ1804 ጀምሮ አፈረሰች፣ በምትኩም መሐል ከተማውን የከበበውን ቀለበት መናፈሻ አገኘች። የኤሸንሃይመር ማማ የተረፈው የፈረንሳይ መልእክተኛ ስለተቃወመ ነው። ኖርድሊንገን ግን በ1327 ያጠረችውን ቦታ እንኳ ሞልታ አልጨረሰችም። ሞልታ ያልጨረሰችውን ቅጥር ለምን ታፈርሳለች? ማፍረስም እኮ ገንዘብ ይጠይቃል።

ይህ ማለት አደጋ አልነበረም ማለት አይደለም። ከተማዋ ነጻነቷን አጥታ በ1803 አካባቢ ወደ ባየርን (ባቫሪያ) ስትገባ ግንቡ ዋጋ የሌለው አሮጌ ነገር ሆኖ መታየት ጀመረ፣ እዚህም እዚያም ይነቀል ጀመር። በ1826 የባየርን ንጉሥ ሉድቪግ 1ኛ አሮጌ የከተማ ግንቦች እንዳይፈርሱ የሚከለክል ትእዛዝ አወጣ። ያ ትእዛዝ ባይወጣ ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሁለት ማማ ነበር። በ1849 ባቡር ሲመጣም ሐዲዱና ጣቢያው ከግንቡ ውጪ በምሥራቅ በኩል ተሠራ። አዲሱ ከተማ ወደዚያ አደገ፣ አሮጌው ተረፈ።

ሌላው ያተረፈው ነገር ግንቡን ተደግፈው የተሠሩት ትናንሽ ቤቶች ናቸው። መተላለፊያው ሥር ተደርድረው አይተሃቸዋል፣ የኋላ ግድግዳቸው ራሱ የከተማው ግንብ ነው። በየዘመኑ የከተማው ወታደሮችና አቅም ያጡ ሰዎች ኖረውባቸዋል። በመከላከያ ሕግ ግንብን ተደግፎ ቤት መሥራት ጥሩ አይደለም፣ ወታደር መሮጫ ያጣል። ለግንቡ ግን ሰው መኖሩ ጠቀመው። ሰው ያለበት ቤት ጣሪያው ይጠገናል፣ ቦዩ ይጠረጋል፣ ድንጋዩን ለሌላ ቤት መሥሪያ አውልቆ መውሰድም አይቻልም። ዛሬ ሰው የሚኖርባቸው አሉ፣ ስለዚህ ከላይ ስታልፍ የሰው መስኮት ነውና ዝም ብለህ እለፍ።

ስለ ድንጋዩ ትንሽ ልበል። ከተማዋ የተሠራችው ከ15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከሰማይ የወደቀ አለት በፈጠረው «ሪስ» በሚባል ጎድጓዳ ሜዳ ውስጥ ነው፣ ስፋቱ 24 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚያ ግጭት የተፈጠረው «ሱቪት» የሚባል ግራጫ ድንጋይ ነው ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራበት። በውስጡ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ የአልማዝ ቅንጣት አለ። በ1970 የአፖሎ 14 ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ የሚያገኙትን ድንጋይ ለመለማመድ እዚህ መጥተው ሠልጥነዋል። ለጠጋኝ ግን አስቸጋሪ ድንጋይ ነው። ለመጥረብ ይመቻል፣ ውሃና ውርጭ ግን ቶሎ ይበሉታል፤ ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑ ጥገና መቼም አልቆ አያውቅም።

ዳግመኛ ከሄድክ ከሙኒክ ዶናውቨርት ላይ ባቡር ቀይረህ ትደርሳለህ። ከጣቢያው የሚቀርበው ዳይኒንገር በር ነው። ግንቡን መዞር በነጻ ነው፣ ሳትቸኩል አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃሃል። ሎፕሲንገር ማማ ውስጥ የግንቡ ሙዚየም አለ። ጊዜ ካለህ ዲንክልስቡል የምትባለውን ከተማም ጨምር፣ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ አራት በሮቿ አሁንም አሉ፣ ጎብኚም ያንሳታል።

ሮተንቡርግ ስትደርስ ግን አንድ ነገር ልብ በል። በማርች 31፣ 1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ደብድበዋት ከ600 ሜትር በላይ ግንብ ወድሟል። በምሥራቅ በኩል የምታየው አብዛኛው ከጦርነቱ በኋላ ከዓለም ዙሪያ በመጣ መዋጮ እንደገና የተሠራ ነው። የለጋሾቹ ስም በድንጋይ ተቀርጾ ግንቡ ውስጥ ተሰክቷል፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ የመጡ ስሞች ታነባለህ። እዚያም ቢሆን ለግንቡ ከሩቅ ያለ ሰው አዋጥቷል።